ፋይሉ እያለ «የለም» ያለኝ ጌም

ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

ታናሽ ወንድሜ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ መጣ። ሳን አንድሪያስ የሚባለው የጂቲኤ ጌም አልከፍት ብሎታል። «እኔ ምንም አልነካሁም እኮ፣ በራሱ ነው የተበላሸው» አለኝ፣ ገና ምን ሆነ ብዬ ሳልጠይቀው። ማስታወሻ መያዝ የጀመርኩት ለዚህ ነው። እኔም የነካሁትን ካልጻፍኩ ነገ «ምንም አልነካሁም» ማለቴ አይቀርም።

ጌሙ ለኮምፒውተር የወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። እስከ ዛሬ በሕይወት ያቆየው ሞድ ነው፤ ተጫዋቾች ጌሙን ለመቀየር ሠርተው የሚጨምሩበት ፋይል። መኪናው፣ ልብሱ፣ ሰማዩ፣ መንገዱ፣ ያልተቀየረ ነገር የለም። የወንድሜ ፎልደር ከነሞዱ 7 ጊጋ ደርሷል። ስንት ሞድ ጫንክበት አልኩት። «አስር ምናምን» አለ። ቆጠርኩት። 34 ነው።

ምንም ሳልነካ ሙሉውን ፎልደር ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ኮፒ አደረግሁ። ከሞዱ በፊት የነበረው ንጹሕ ኮፒ አለህ ወይ ብዬው ነበር። «ምን ያደርግልኛል?» አለኝ። እንግዲህ ያለችን የተበላሸችዋ ብቻ ናት። እሷም ከዚህ በላይ እንዳትበላሽ እንያዛት።

ሁለቴ ክሊክ። ትንሽ መስኮት ብቅ አለች። ቮርቢስፋይል.ዲኤልኤል ስላልተገኘ መቀጠል አልተቻለም፣ ፕሮግራሙን እንደገና መጫን ሊረዳ ይችላል ትላለች። (ዲኤልኤል ፕሮግራም ሲሠራ የሚጠራው አጋዥ ፋይል ነው።) ፎልደሩን ከፍቼ አየሁ። እውነትም የለም። ቮርቢስ.ዲኤልኤል አለ፣ ኦግ.ዲኤልኤል አለ፣ ኢኤኤክስ.ዲኤልኤል አለ። እሱ ግን የለም።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል

ሰነፍኩ። ሌላ ሰው ቢያደርገው የምቆጣውን ነገር ራሴ አደረግሁት። የፋይሉን ስም ፈልጌ፣ ዲኤልኤል በነጠላ ከሚያድሉት ገጾች አንዱ ላይ ገብቼ፣ የመጀመሪያውን አውርጄ ፎልደሩ ውስጥ ጣልኩት።

«የለም» የሚለው መልእክት ጠፋ። በምትኩ በ7ቢ የሚያልቅ ረጅም የስህተት ቁጥር መጣ፤ 0ኤክስሲ000007ቢ። ይሄ ቁጥር የድሮ ወዳጄ ነው። አብዛኛውን ጊዜ 32 ቢትና 64 ቢት ተደባልቀዋል ማለት ነው። ጌሙ 32 ቢት ነው። ያወረድኩት ፋይል 64 ቢት ነበር። ስሙ ትክክል፣ ውስጡ ሌላ። ይህን ነገር በዚህ ሳምንት ደጋግሜ እንደማየው ያኔ አላወቅሁም።

ያወረድኩትን አጠፋሁና እንደ ሰው ማሰብ ጀመርኩ።

ቮርቢስ የድምፅ ኮዴክ ነው፤ ማለትም ድምፅ የሚጨመቅበትና የሚፈታበት ዘዴ። የዚህ ጌም ሬዲዮ በሙሉ የተጨመቀው በቮርቢስ ነው፤ ስለዚህ ጌሙ ሲነሳ ይህን ዲኤልኤል ሳይጠራ አያልፍም። ሞድ ሠሪዎች ይህን አይተው ብልሃት አበጁ። ዋናውን ፋይል ስሙን ቀይረው ቮርቢስሁክድ.ዲኤልኤል አሉት። በእሱ ቦታ ያንኑ የድሮ ስም የያዘ የራሳቸውን ፋይል አስቀመጡ። ጌሙ የድሮ ወዳጁን የጠራ ይመስለዋል። የመጣው ግን እንግዳው ነው፤ መጀመሪያ በፎልደሩ ያሉትን ኤኤስአይ የሚባሉ የሞድ ፋይሎች በሙሉ ሎድ ያደርጋል (ለዚህ ነው ሎደር የሚባለው)፣ የድምፁን ሥራ ደግሞ ዞር ብሎ ለዋናው ያስተላልፋል።

ፎልደሩን እንደገና አየሁ። ቮርቢስሁክድ ቁጭ ብሏል። ማለትም የጌሙ ዋና ፋይል ሙሉ ጊዜ ዓይኔ ሥር ነበር።

የቮርቢስሁክድን ኮፒ አነሳሁ፣ ስሙን ወደ ቮርቢስፋይል መለስኩ፣ ክሊክ። ጌሙ መክፈቻው ቪዲዮ ላይ ሲደርስ ጥቁር ስክሪን ላይ ቆመ። ቢያንስ ግን ተነስቷል። ወንድሜ ጥቁሩን እያየ «በቃ ሠራ!» አለ። ተስፋው ደስ ይላል።

እሑድ ጠዋት

እንግዳው ፋይል የት ሄደ የሚለው ጥያቄ ቀርቷል። የአንቲቫይረሱን ታሪክ ከፈትኩ። ከአምስት ቀን በፊት ይዞ አስሮታል። ልፈርድበት አልቻልኩም። የሌላ ፋይል ስም ይዞ የገባ፣ ሌላ ፕሮግራም ውስጥ ኮድ የሚያስገባ ነገር ሲያይ ምን ይበል? እኔም ብሆን አስረው ነበር።

ከእስር አላወጣሁትም። ከሠሪው አዲስ አውርጄ፣ በተለያዩ አንቲቫይረሶች አስፈትሼ፣ ከዚያ ጌሙ ያለበትን ፎልደር ብቻ ከፍተሻው ነጻ አደረግሁ። አንቲቫይረሱን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት የሚመክር ሰው አጋጥሞኛል። በር አልዘጋ ሲል ግድግዳውን ማፍረስ ነው።

አሁን ሎደሩ ተመልሷል። ጌሙ ሲነሳ አዲስ ቅሬታ አመጣ፦ ክሊዮ.ኤኤስአይን ሎድ ማድረግ አልቻልኩም፣ ስህተት 126። (ክሊዮ በስክሪፕት የተጻፉ ሞዶችን የሚያሠራው ነው።)

ስህተት 126 በዊንዶውስ ቋንቋ «የተባለው ሞጁል አልተገኘም» ነው። ክሊዮ.ኤኤስአይ ግን እዚያው አለ። ወንድሜ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ «ይኸው እኮ!» አለ። ልክ ነው፣ ይኸው። መልእክቱ የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። የጎደለው እሱ አይደለም። እሱ የሚፈልገው ሌላ ፋይል ነው የጎደለው። መልእክቱ ግን ያልተገኘውን ትቶ የፈላጊውን ስም ይጠራል።

ኤኤስአይ የሚባለው ፋይል ስሙ የተቀየረ ዲኤልኤል ነው። ስለዚህ ዲፔንደንሲስ የሚባለው ነጻ መሣሪያ ላይ ጎትቶ መጣል ይቻላል፤ ማንን ማንን እንደሚፈልግ በዛፍ መልክ ይዘረዝርና የጎደለውን ለይቶ ያሳያል። ጣልኩት። የጎደለው ባስ.ዲኤልኤል ነው። ክሊዮ 4 ድምፅ የሚያጫውትበት ላይብረሪ ነው፤ ከክሊዮ ጋር አብሮ ነው የሚመጣው።

«ባስ የሚባል ፋይል አጥፍተሃል?»

ዝም።

«አጥፍተሃል?»

«ስፒከሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ባሱን የሚጨምረው እሱ መስሎኝ...»

ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። ግማሹን እኮ አውቆታል፤ የድምፅ ነገር መሆኑን። ከክሊዮው ዚፕ አውጥቼ መለስኩለት። 126 ለክሊዮ ጠፋ፤ ግን ወዲያው ለሌላ ኤኤስአይ መጣ። ይኸኛው አዲስ ሞድ ነው። የሚፈልገው ኤምኤስቪሲፒ140.ዲኤልኤልን ነው።

ይህ ፋይል የቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ራንታይም አካል ነው፤ ብዙ ፕሮግራሞች ለመሥራት የሚፈልጉት የፋይል ጥቅል። ወንድሜ «ጭኜዋለሁ» አለ። እውነቱን ነው፣ ጭኖታል፤ ግን የ64 ቢቱን። ለ32 ቢት ጌም የሚያስፈልገው የ32 ቢቱ ነው፤ ሁለቱ ተለያይተው የሚጫኑ ናቸው፤ ኮምፒውተርህ 64 ቢት ስለሆነ 64 ይበቃሃል ማለት አይደለም። በነገራችን ላይ ዊንዶውስ የ64 ቢት ዲኤልኤሎችን የሚያስቀምጠው ሲስተም32 በሚባል ፎልደር ነው። የ32 ቢቶቹን ደግሞ ስሙ በ64 በሚያልቅ ፎልደር። ከድሮ ፕሮግራሞች ጋር ላለመጣላት የተደረገ ነው ይባላል፤ ምክንያቱ ገብቶኛል፣ ዓይኔ ግን እስከ ዛሬ አልለመደውም።

የ32 ቢቱን ጫንኩ። ምንም መስኮት ሳይመጣ ወደ ጥቁሩ ስክሪን ደረስን።

እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ

ጥቁሩ ስክሪን።

ጌሙ ሲነሳ ሁለት ቪዲዮ ያጫውታል። ሙቪስ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ናቸው። መጀመሪያ የፎልደሩን ስም ቀየርኩና አስነሳሁ። በቀጥታ ወደ ሜኑው ገባ። ጥሩ፤ በሽታው ቪዲዮው ላይ ነው። ስሙን መለስኩ።

ከሞዶቹ አንዱ የሎጎውን ቪዲዮ በራሱ ቪዲዮ ተክቶታል። ወንድሜ ፋይሉን ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ከፈተው። ጥርት ብሎ ተጫወተ። «ቪዲዮው ጤነኛ ነው» አለ። አይደለም። ቪኤልሲ የራሱን ዲኮደሮች ተሸክሞ የሚዞር ፕሮግራም ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ይበላል። ይሄ ጌም ግን ቪዲዮ ሲያገኝ ወደ ዊንዶውስ ዞሮ፣ ዳይሬክትሾው በሚባለው መንገድ «ይህን ፍታልኝ» ነው የሚለው። የቪኤልሲ ምስክርነት እዚህ ችሎት አይሠራም።

ቀጥሎ የመጣው ሐሳቡ ኮዴክ ፓክ መጫን ነው። ይህን ከልክዬዋለሁ። ኮዴክ ፓክ አሥርና ሃያ ዲኮደር በአንዴ አምጥቶ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያፈሳል። ከዚያ የትኛው ፕሮግራም የትኛውን እንደሚጠራ አታውቅም። ነገ ሌላ ነገር ሲበላሽ ጥፋተኛውን ለመያዝ ሃያ ተጠርጣሪ ይኖርሃል። አንድ ፋይል ስላልሠራ ፋይሉን ማስተካከል እንጂ ኮምፒውተሩን ማስተካከል ምን አመጣው?

ፋይሉ ምን እንደሆነ ለማወቅ ስሙን አላመንኩም። የፋይልን ጥሬ ባይቶች በሚያሳይ በሄክስ መመልከቻ ከፈትኩትና የመጀመሪያዎቹን ባይቶች አየሁ። ይህ ጌም የሚጠብቀው ዓይነት የኤምፔግ ፋይል ሲጀምር 00 00 01 ቢኤ ይላል። ይሄኛው ግን አራት ባይት ካለፈ በኋላ በግልጽ ፊደል «ኤፍቲዋይፒ» ይላል። ይህ የኤምፒ4 ፊርማ ነው። ሚዲያኢንፎ በሚባለው መሣሪያም አረጋገጥኩ፤ ውስጡ ኤች.264 የሚባለው የቪዲዮ ኮዴክ ነው። ሰውየው ኤምፒ4 ቪዲዮ ሠርቶ፣ ስሙን ብቻ ኤምፒጂ ብሎ ዚፕ ውስጥ ከቶታል።

ለወንድሜ በፖስታና በደብዳቤ አስረዳሁት። ኤምፒ4፣ ኦግ፣ ኤምፒጂ የሚባሉት ፖስታዎች ናቸው። ኮዴኩ ደብዳቤው የተጻፈበት ቋንቋ ነው። ፖስታው ላይ ሌላ አድራሻ ስለጻፍክ ደብዳቤው አይተረጎምም። «እሺ፣ ቀይሪውና እንጫወት» አለ። ትምህርቱ እዚህ ላይ ተጠናቀቀ።

ከምሽቱ 1 ሰዓት

ኤፍኤፍምፔግ፣ ቪዲዮና ድምፅ የሚቀይረው ፕሮግራም። ጌሙ የሚፈልገው ኤምፔግ 1 ቪዲዮና ኤምፒ2 ድምፅ ነው። የውጤቱን ፋይል ስም በኤምፒጂ ካስጨረስክ ኤፍኤፍምፔግ ራሱ እነዚህን ሁለቱን ይመርጣል። ቀላል መስሎኝ ነበር።

አንደኛ ሙከራ፦ እምቢ አለ። ኤምፔግ 1 በሰከንድ 15 ፍሬም አይደግፍም ይላል። ቪዲዮው ለካ በ15 ፍሬም ነው የተሠራው። ኤምፔግ 1 የሚቀበላቸው ፍጥነቶች የተወሰኑ ናቸው፤ 24፣ 25፣ 30 እና ጥቂት ሌሎች። በዝርዝሩ ከሌለ የለም፤ አይደራደርም።

ሁለተኛ ሙከራ፦ 25 ብዬ ሰጠሁት። ተቀየረ። ተጫወተም። ግን ምስሉ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆኖ ፈርሷል፤ ሰው ይሁን መኪና አይለይም። ምክንያቱም መጠኑን ካልነገርከው ኤፍኤፍምፔግ ለኤምፔግ 1 የሚመድበው በሰከንድ 200 ኪሎቢት ብቻ ነው።

ሦስተኛ ሙከራ፦ 3 ሜጋቢት፣ ስፋቱ 640 በ480። ሄክሱን ከፈትኩ። 00 00 01 ቢኤ። ሙቪስ ውስጥ ከተትኩት።

ጌሙ ተነሳ። ሎጎው መጣ። ሜኑው መጣ። ከቅዳሜ ወዲህ የመጀመሪያው ድምፅ ነው። ወንድሜ ወዲያው ሴቭ ያደረገውን ሎድ አደረገ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ጌሙ ምንም ሳይል ወደ ዴስክቶፕ ጣለን።

መልእክት እንኳ የለም። መልእክት ያለው ኢረር የሚናፈቅበት ቀን እንደሚመጣ ማን ያውቃል።

ሰኞ ማታ

ዝም ብሎ የሚዘጋ ጌም ላይ ግምት አይሠራም። መክፈል ነው። 34ቱን ሞዶች ለሁለት ከፈልኩ፤ ግማሹን አወጣሁ፣ አስነሳሁ። ከዘጋ ጥፋተኛው ከቀሩት ውስጥ ነው። ካልዘጋ ከወጡት። እንደገና ለሁለት። በዚህ አካሄድ ቢበዛ 6 ሙከራ ነው፤ አንድ በአንድ ብሄድ 34 ሊደርስ ይችል ነበር።

በአምስተኛው ያዝኩት። የመኪና ጥሩምባ የሚቀይር የክሊዮ ስክሪፕት ነው። ሞዱን ያወረደበትን ዚፕ ከፈትኩ። ሁለት ነገር አለው፤ ስክሪፕቱና ድምፆቹ ያሉበት ፎልደር። ወንድሜ የገለበጠው ስክሪፕቱን ብቻ ነው። ስክሪፕቱ ድምፁን ይጠራል። ድምፁ የለም። አገኘሁ ወይ ብሎ ሳይጠይቅ ያላገኘውን ሊያጫውት ይሄዳል፤ ጌሙም አብሮት ገደል ይገባል።

ፎልደሩን ገለበጥኩለት። ሴቩ ሎድ አደረገ። ዚፕ ውስጥ ያለውን «አንብቡኝ» የሚል ፋይል ከፍተህ ታውቃለህ ወይ አልኩት። «እሱ ለማን ነው?» አለኝ።

ማክሰኞ ማታ

ጌሙ ይሠራል፤ ግን አዲሱ መኪና አይታይም። ይሄ ከሁሉም በላይ ጊዜዬን የበላው ነው፤ ደስ ያለኝም ይሄው ነው።

ምንም ኢረር የለም። ክራሽ የለም። መኪናው ብቻ የድሮው ነው። ሞዱ ሞድሎደር ፎልደር ውስጥ (ሞዶች የጌሙን ፋይሎች ሳይነኩ የሚጫኑበት) በሥርዓቱ ተቀምጧል። ሌሎቹ ሞዶች ይሠራሉ። ይሄ ብቻ እንደሌለ ይታለፋል።

ፕሮሰስ ሞኒተርን አወጣሁ። ይህ መሣሪያ አንድ ፕሮግራም የነካውን እያንዳንዱን ፋይል ይመዘግባል፤ ሲከፍት፣ ሲፈልግ፣ ሲያጣ። በጌሙ ስም ብቻ አጣራሁት። እንዲያም ሆኖ ሜኑው ጋ ሳንደርስ ከ40 ሺህ መስመር አለፈ። ልማድ የሌለው ሰው እዚህ ላይ ይደነግጣል፤ ምክንያቱም ግማሹ «ኔም ኖት ፋውንድ» ይላል። አብዛኛው ግን በሽታ አይደለም። ፕሮግራም አንድ ዲኤልኤል ሲፈልግ መጀመሪያ የራሱ ፎልደር ውስጥ፣ ከዚያ የዊንዶውስ ፎልደሮች ውስጥ እያለ ይዞራል፤ እስኪያገኝ ድረስ በየበሩ «የለም» ይባላል። የሚያሳስበው ሁሉም በር «የለም» ብሎት የተመለሰው ነው።

ስለዚህ «የለም»ን ትቼ ሌላ ዓይነት መልስ ፈለግሁ። አገኘሁ። አንዲት መስመር «ኔም ኢንቫሊድ» ትላለች። «ፋይሉ የለም» አይደለም፤ «እንዲህ የሚባል ስም ሊኖር አይችልም» ነው። ዱካውን አነበብኩ። ሞድሎደር፣ ከዚያ አራት የጥያቄ ምልክት፣ ክፍት ቦታ፣ ሦስት የጥያቄ ምልክት።

???? ???

ፎልደሩን ሄጄ አየሁ። ወንድሜ ስሙን «የእኔው መኪና» ብሎታል። በግዕዝ ፊደል። የፊደሎቹ ብዛት ከጥያቄ ምልክቶቹ ጋር ይገጥማል? አዎ፤ አራትና ሦስት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮ ፕሮግራሞች ፋይል የሚጠሩት የሁሉንም ቋንቋ ፊደል በአንድ ሰንጠረዥ በሚይዘው በዩኒኮድ አይደለም፤ አንሲ በሚባለው የድሮ መንገድ ነው። በዚያ መንገድ እያንዳንዱ ቋንቋ የራሱ የፊደል ሰንጠረዥ ያስፈልገዋል። ሩሲያኛ አለው፣ ዓረብኛ አለው፣ ግሪክ አለው። ለግዕዝ ፊደል ግን ዊንዶውስ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ተሠርቶ አያውቅም፤ አማርኛ ዊንዶውስ ውስጥ የገባው በዩኒኮድ ብቻ ነው። ስለዚህ የድሮው ፕሮግራም «የእኔው»ን ሲጠይቅ ዊንዶውስ የሚመልስለት ነገር ስለሌለው በእያንዳንዱ ፊደል ፋንታ የጥያቄ ምልክት ያስቀምጥለታል። ፕሮግራሙ ያንን አምኖ ተመልሶ «የጥያቄ ምልክት የጥያቄ ምልክት የሚባለውን ፎልደር ክፈትልኝ» ይላል። የጥያቄ ምልክት ደግሞ በዊንዶውስ የፋይል ስም ውስጥ ጭራሽ የተከለከለ ነው። ራሱ የሰጠውን ስም ራሱ ይክደዋል።

ሩሲያዊ ቢሆን ኖሮ የኮምፒውተሩን የቋንቋ ቅንብር ወደ ሩሲያኛ መቀየር ብቻ ይበቃው ነበር። ለእኛ ያ መንገድ የለም። ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ዩቲኤፍ 8ን (ዩኒኮድ የሚጻፍበትን መንገድ) ለድሮ ፕሮግራሞችም የሚያበራ አንድ የሙከራ ምርጫ አለ። አላበራሁትም። ኮምፒውተሩ ላይ ያሉትን የድሮ ፕሮግራሞች በሙሉ ይነካል፤ ለአንዲት መኪና ሲባል አይደረግም። ፎልደሩን በላቲን ፊደል መሰየም አምስት ሰከንድ ነው። ትንሽ አናደደኝ፣ እውነቱን ለመናገር። ስሙ ያምር ነበር።

መኪናው ታየ። ነጭ ሆኖ።

ረቡዕ

ነጭ መኪና ማለት ቅርጹ ተገኝቷል፣ ቀለሙና ሥዕሉ አልተገኘም ማለት ነው። በዚህ ጌም የመኪናው ቅርጽ በዲኤፍኤፍ ፋይል፣ ሥዕሉ በቲኤክስዲ ፋይል ነው የሚቀመጠው። ፎልደሩን ከፈትኩ። ሁለቱም በመኪናው ስም አሉ፦ ኢንፈርነስ.ዲኤፍኤፍ እና ኢንፈርነስ (1).ቲኤክስዲ።

ይቺ (1)። ሁለቴ አውርዶታል፤ ብሮውዘሩ ሁለተኛውን ለመለየት ቁጥር ጨመረበት፤ ወንድሜ የመጀመሪያውን አጥፍቶ ሁለተኛውን አስገባ። ጌሙ ቅርጹን ከሞዱ ወሰደ። ኢንፈርነስ.ቲኤክስዲ የሚባል ከሞዱ ስላጣ የራሱን የድሮውን ተጠቀመ። አዲሱ ቅርጽ የሚጠራቸው የሥዕል ስሞች በድሮው ውስጥ የሉም። ነጭ።

ቅንፏን ከነቁጥሯ አጠፋሁ። ቀይ ሆነ።

ሐሙስ ማታ

የቀረው ሙዚቃው ነው። ጌሙ ውስጥ የራስህን ዘፈን የምታጫውትበት ጣቢያ አለ። ዘፈኖቹን ዶክዩመንትስ ውስጥ ጌሙ በሠራው ፎልደር ትከታለህ፣ እሱ ይቃኛቸዋል። ወንድሜ 60 ዘፈን ከቶ 38ቱ ይሠራሉ፤ 22ቱን ይዘላቸዋል። ሁሉም ኦግ ናቸው። ሁሉም በቪኤልሲ ይከፈታሉ። (ቪኤልሲ እንደገና ምስክር ሆኖ ቀረበ።)

አሁን የት እንደማይ አውቃለሁ። አንድ የሚሠራና አንድ የማይሠራ ጎን ለጎን በሄክስ ከፈትኩ። ሁለቱም «ኦግኤስ» ብለው ይጀምራሉ። ፖስታው አንድ ነው። 28 ባይት ካለፉ በኋላ የሚሠራው «ቮርቢስ» ይላል፤ የማይሠራው «ኦፐስሄድ»። ኦፐስ ደረጃው የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። የ2005 ጌም የ2012 ኮዴክ ከየት ያውቃል? አያትን ከሞተ በኋላ ስለተወለደ የልጅ ልጁ እንደመጠየቅ ነው።

22ቱን በአንድ ትእዛዝ ወደ ቮርቢስ ቀየርኩ። ከተጨመቀ ላይ ደግሞ መጨመቅ ጥራት ይቀንሳል፤ ኦሪጅናሉ ካለው ከሱ ቢቀየር ይሻላል። የለውም። በመኪና ሞተር ድምፅ መካከል ማን ይሰማዋል ብዬ አለፍኩ። 60ውም ተጫወቱ።

ዓርብ

ሙሉውን ፎልደር እንደገና ኮፒ አድርጌ ስሙን «የሚሠራ» አልኩት፣ በላቲን ፊደል። የፋይል ስም መጨረሻ (.ዲኤልኤል፣ .ኤምፒጂ የሚለው) እንዳይደበቅ ዊንዶውሱ ላይ አበራሁለት፤ ዊንዶውስ እንደተለመደው ደብቆት ነበር። አዲስ ሞድ ሲገባ አንድ በአንድ፣ በመካከሉ ጌሙን እያስነሳ እንዲሞክር ነገርኩት። «እሺ» አለ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ።

አንድ የቀረ ነገር አለ። እኔ የቀየርኩት የሎጎ ቪዲዮ ድምፁ መጨረሻ ላይ ትንሽ ይቆረጣል። ከ15 ፍሬም ወደ 25 ስወስደው ይሁን ከድምፁ ርዝመት፣ አልገባሁበትም። ሰባት ሰከንድ ቪዲዮ ነው፤ ወንድሜም ሁልጊዜ በኢንተር ይዘለዋል። ተውኩት።